የአንባቢ ጥያቄዎች፦ ሳይክል ከጣና ዳር እስከ አባይ በረሃ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁሉም ሰው ሳይክሉን አውጥቶ መነካካት ጀምሯል መሰለኝ፣ በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። ሁሉንም ማተም አልቻልንም፣ የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ተወልጄ ያደግኩት ባህር ዳር ነው፣ ትምህርት ቤትም ስራም የምመላለሰው በሳይክል ነው። አሁን ያገለገለ ኮርስ ሳይክል ገዝቻለሁ፣ ፊት 52 እና 39 ጥርስ አለው፣ ኋላ ደግሞ ትልቁ ጥርስ 25 ነው። ሜዳ ላይ በጣም ይፈጥናል ግን ወደ ቤዛዊት ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንጅባራ ድረስ ነድተን ዘንገና ሐይቅን አይተን ልንመለስ አስበናል። እደርሳለሁ ወይስ ልተወው? *(ከባህር ዳር)*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትደርሳለህ። ግን በዚያ ካምቢዮ አይደለም።

መጀመሪያ መንገዱን እንየው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ እንጅባራ ደግሞ 2,500ን ታልፋለች፣ በመሃል ያለው 115 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ይሄን ስታካፍለው አንድ ፐርሰንት እንኳ አይሞላም፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም መንገዱ በአንድ ልክ ቀስ እያለ አይወጣም፣ እስከ መራዊ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል፣ ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን ትሻገራለህ፣ ከዱርቤቴ በኋላ ወጣ ገባው ይጀምርሃል፣ ዳንግላን ካለፍክ ደግሞ ወንዝ በመጣ ቁጥር ወርደህ መልሰህ ትወጣለህ። አዲስ ቅዳም ላይ ስትደርስ እግርህ ከመቶ ኪሎሜትር ያላነሰ ሰርቷል፣ ዳገቱ የሚመርህ ያኔ ነው።

አሁን ወደ ካምቢዮው። ፊት 39 ኋላ 25 ላይ አድርገህ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞር ፍጥነትህ 12 ኪሎሜትር በሰዓት አካባቢ ይሆናል። 7 ፐርሰንት ዳገት ላይ ይሄን ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ይዞ መውጣት የሰለጠነ ሰው ስራ ነው። ስለዚህ ምን ታደርጋለህ፣ ፔዳሉ ይከብድብህና በደቂቃ 40 ምናምን ጊዜ እየገፋህ ትወጣለህ፣ ያ ሁሉ ጫና ጉልበትህ ላይ ያርፋል። ቤዛዊት ላይ የሚያምህም በዚህ ይመስለኛል፣ ድክመት አይደለም። ፊት 34 ኋላ 32 ብታደርገው ግን በዚያው 60 ዙር 8 ኪሎሜትር በሰዓት ትሄዳለህ፣ የሚጠይቅህ ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል፣ ትንፋሽህም ይመለሳል። ፊት 34 ማስገባት ካልቻልክ (አንዳንዱ የድሮ ሳይክል ከ39 በታች አይቀበልም) የኋላውን ብቻ ቀይረው፣ እሱም ብዙ ይረዳል። ግን መካኒኩ 32 ከማስገባቱ በፊት የኋላ ካምቢዮው እግሩ ረጅም መሆኑን ያረጋግጥልህ፣ አጭሩ ትልቁን ጥርስ አይችለውም፣ ሰንሰለቱ ይወጠርና ዳገት መሃል ላይ ይበጠሳል ወይም ካምቢዮውን ጠምዝዞ ቸርኬው ውስጥ ያስገባዋል። ሰንሰለቱም በአዲሱ ጥርስ ልክ መርዘም አለበት። ደግሞ መቀመጫህን እየው፣ ባህር ዳር ብዙ ሰው እግሩ መሬት እንዲነካለት ብሎ ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው፣ ለከተማ ይሆናል፣ ለዳገት ግን ጉልበት ይጎዳል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ትንሽ ብቻ እጥፍ ብሎ መቅረት አለበት።

ልምምዱን ከቤትህ አትራቅ። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ የሳይክል መስመር አለው፣ በሱ ተሻግረህ የቤዛዊትን ዳገት በቀላሉ ጥርስ፣ ቁጭ ብለህ፣ ሳትነሳ ውጣ፣ ውረድ፣ እንደገና ውጣ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ቅዳሜ ደግሞ መራዊ ደርሰህ ተመለስ፣ 70 ኪሎሜትር ይሆንልሃል።

የመንገዱ ቀን ሲመጣ ትልቁ ፈተና የመጀመሪያዎቹ 35 ኪሎሜትሮች ናቸው፣ ሜዳ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ጓደኛ አለ፣ እሽቅድምድም ይጀመራል። አትጀምሩ። እያወራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። እኔ ብጠየቅ በሁለት ቀን እከፍለዋለሁ፣ የመጀመሪያውን ዳንግላ አድሮ በማግስቱ እንጅባራ፣ ምክንያቱም ከዳንግላ በላይ ያለው አገር እየተጣደፉ የሚያልፉት አይደለም፣ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ የተተከለበት ኮረብታ፣ ከመንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ጆንያ፣ ጭጋጉ፣ ፈረሱ። ምሽቱ ብርድ ነው፣ የባህር ዳር ሰው ጃኬት ሳይዝ ሄዶ ይንቀጠቀጣል፣ ያዝ።

ዘንገና እንጅባራን አልፈህ በዋናው አስፋልት በደብረ ማርቆስ አቅጣጫ ስትሄድ አጠገቡ ነው፣ ብዙ አይርቅም። ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ የሞላበት ሐይቅ ስለሆነ ዳሩ ቶሎ ነው የሚጠልቀው፣ ላብህን ልታጠብ ብለህ እንዳትገባበት አደራ። ጉዞህ ጥር 23 አካባቢ ከሆነ ደግሞ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ትደርሳለህ፣ መንገዱ በፈረስ ይሞላል፣ ማየት የሚገባው ነገር ነው። ግን ሳይክል ድምጽ የለውም፣ ፈረስ ከኋላው ድንገት ሲመጣበት ይደነብራል፣ ስለዚህ ከሩቅ ድምጽህን አሰማ፣ "እንዴት ዋላችሁ" በል፣ ፈረሰኛው ዞሮ ሲያይህ ከዚያ እለፍ። ከመነሳትህ በፊት በነበረው ማታ መናኸሪያ ሄደህ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ጠይቅ፣ ክፍትና ሰላም መሆኑን ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ አይሆንም ካሉህ ዘንገና የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ እኔ መራዊ ነው የምኖረው፣ የጤና ባለሙያ ነኝ። ዋናው መንገድ ላይ በአይሱዙና በሲኖትራክ ምክንያት መንዳት ፈራሁ፣ ስለዚህ በቆጋ መስኖ ካናሎች ዳር ያለውን መንገድ ልሞክር ብዬ ነበር፣ ግን ጎማዬ ቀጭን ነው፣ ፒስታው ይጎዳዋል ይሉኛል። ሌላው ደግሞ ሴት ሆኜ ብቻዬን ስነዳ የሚጮህብኝ ብዙ ነው፣ በተለይ ህጻናት ይከተሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? *(ከመራዊ)*

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ጥሩ ቦታ ነው የመረጥሽው፣ እንዲያውም ጎጃም ውስጥ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ ስንቱ ያገኛል? ምክንያቱን ልንገርሽ። የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ይይዛል፣ ያ ውሃ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ ማሳ የሚደርሰው ያለ ፓምፕ በራሱ እየፈሰሰ ነው። ውሃ በራሱ እንዲፈስ ካናሉ የኮረብታውን ወገብ ይዞ ዝቅታው እንኳ በማይታወቅበት ሁኔታ እየዞረ መሄድ አለበት። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ወጣ ገባ አገር ውስጥ ሜዳ ፈልጎ የተሰራ መስመር ቢኖር የካናል ዳር መንገድ ነው፣ መሃንዲሱ ለውሃው ብሎ የሰራውን ለእግርሽ ትጠቀሚበታለሽ። ዳገት ስታገኚ ከዋናው ካናል ወደ ትንንሾቹ ወርደሻል ማለት ነው።

ጎማውን በተመለከተ ልክ ናቸው። 23 ወይም 25 ሚሊሜትር ጎማ በኃይል ነፍተሽ ጠጠር ላይ ብትወጪ እጅሽ ይደነዝዛል፣ ካላማዳሪያውም ቶሎ ቶሎ ይፈነዳል። ፍሬኑና ፎርኩ የሚያስገባልሽ ከሆነ 32 ሚሊሜትር አድርጊ፣ ንፋሱንም ቀንሺ፣ ለስላሳ ጎማ ጠጠሩን ይውጠዋል፣ ፍጥነትሽም የምታስቢውን ያህል አይቀንስም። ካላስገባልሽ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ላይ ጥርስ የሌለው ልሙጥ ጎማ ማድረግ በጣም ጥሩ መፍትሄ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ግን ካናል ዳር አትሂጂ፣ አፈሩ ሲርስ ጎማና ፍሬን መሃል እየተጠቀጠቀ ቸርኬው መዞር ያቅተዋል፣ ሳይክሉን ተሸክመሽ ነው የምትመለሺው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ዋናው ካናል ጎኑ ሲሚንቶ ነው፣ ውሃ በነካው ቦታ አረንጓዴ አልጌ ይይዛል፣ ያንሸራትታል። ሰው ከነሳይክሉ ቢገባበት ዋና የሚችል እንኳ ቢሆን ጎኑን ይዞ መውጣት በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ ከካናሉ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቂ፣ አህያ ወይም ከብት ከፊት ሲመጣ አንቺ በማሳው በኩል ሁኚና ቁሚ፣ እጅ ልታጠቢ፣ ጠርሙስ ልትሞዪ ብለሽ አትጠጊው። ውሃውም ማዳበሪያና የጸረ ተባይ ኬሚካል ከሚረጭበት ማሳ አጠገብ ያለ ነው፣ ለመጠጥ አይሆንም፣ ከቤትሽ ያዢ። ማሳ ውስጥ ደግሞ ሽንኩርትና ስንዴ አለ፣ ለማቋረጥ ብለሽ መደብ እንዳትረግጪ፣ ገበሬው ለፍቶበታል።

ስለሚጮሁብሽ ሰዎች፣ ይሄ ያሳዝነኛል፣ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም። መንገዱ የሁላችንም ነው፣ ሳይክል ላይ የተቀመጠች ሴት ጨዋነቷ ምኑ ይጎድላል? ግን መንገድ ላይ ያለሽው አንቺ ስለሆንሽ የሚሰራውን ልንገርሽ። መንደር ስትደርሺ አትፍጠኚ፣ ህጻናት የሚሮጥ ነገር ያሯሩጣሉ፣ ቀስ ብለሽ በስማቸው ባታውቂያቸውም "እንዴት ናችሁ ልጆች፣ ትምህርት የለም እንዴ ዛሬ" ብለሽ አናግሪያቸው፣ ድንጋይ የያዘ እጅ እንኳ ሰላምታ ሲሰጠው ይፈታል። ትልልቆቹን ቀድመሽ ሰላም በይ፣ እናቶች ካሉ ወርደሽ ጤና ይስጥልኝ በይ። ሁልጊዜ በአንድ መንገድ በአንድ ሰዓት ስትመላለሺ ሶስተኛ አራተኛው ሳምንት ላይ "የሃኪሟ ሳይክል" ሆነሽ ትታወቂያለሽ፣ ያን ጊዜ የሚጮህብሽን የሚገስጹልሽ እነሱው ይሆናሉ። እስከዚያው ከጓደኛ ጋር ውጪ፣ የምትመለሺበትን ሰዓት ለቤተሰብ ተናገሪ፣ ጨለማ ሳይደርስ ግቢ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። በጡረታ ላይ ያለሁ መምህር ነኝ፣ እድሜዬ 61 ነው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ሳይክል እነዳለሁ፣ አሁንም ከደብረ ማርቆስ እስከ አማኑኤል እመላለሳለሁ። ሳልሞት አንድ ጊዜ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወርጄ ድልድዩን በሳይክል ማየት እፈልጋለሁ። ልጆቼ አይሆንም ይላሉ። የሚያስፈራው መውጣቱ ነው ወይስ መውረዱ? *(ከደብረ ማርቆስ)*

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰን ደስ ይለናል። መልሱ አጭር ነው፣ የሚያስፈራው መውረዱ ነው። መውጣቱ ያደክማል፣ ሲደክምዎ ይቆማሉ። መውረዱ ግን ይቆማል ብለው ሲያስቡ ላይቆም ይችላል።

ደጀን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ወንዙ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው፣ በመሃል ያለው መንገድ 20 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በአማካይ 6 እና 7 ፐርሰንት ቁልቁለት ማለት ነው፣ ያለ እረፍት። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ሰውነትዎና ሳይክሉ ሲወርዱ የሚጠራቀመው ኃይል የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፣ የሚወጣውም ፍሬኑ ላይ በሙቀት መልክ ነው። ፍሬንዎ ቸርኬውን የሚይዝ የድሮው አይነት ከሆነ ዝም ብሎ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፣ ሙቀቱ ወደ ጎማው ያልፍና ካላማዳሪያው ይፈነዳል፣ ኩርባ ላይ የፊት ጎማ ከፈነዳ ደግሞ የሚሆነውን መናገር አልፈልግም። ዲስክ ፍሬንም ቢሆን ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ሁልጊዜ እየነኩ አይውረዱ። ቀጥ ባለው ላይ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርገው ይያዙና ፍጥነቱን በደንብ ያውርዱ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፣ ንፋሱ ያቀዝቅዘው፣ እንደገና ይያዙ። ኩርባ ከመግባትዎ በፊት ጨርሰው ይቀንሱ፣ ኩርባው ውስጥ ፍሬን አይያዙ። በየሶስት አራት ኪሎሜትሩ ሰፊ ዳር ሲያገኙ ይቁሙ፣ እጅዎን ወደ ቸርኬው ጠጋ አድርገው (አይንኩት) ሙቀቱን ይስሙ፣ ገደሉንም ይዩት፣ ለዚሁም አይደል የሚሄዱት።

ከመሄድዎ በፊት የፍሬን ጎማውንና ኬብሉን ሁለቱንም አስቀይሩ፣ አሮጌ ኬብል ሜዳ ላይ ደህና ይመስላል። የጎማዎ ጎን የተሰነጣጠቀ ከሆነ እሱንም ይቀይሩ፣ ሄልሜት ያድርጉ። እዚያ ገደል ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጣጥፏል፣ ጎብጧል፣ ከባድ መኪና የረገጠው ቦይ የመሰለ መስመርም አለ፣ ቀጭን ጎማ እዚያ ውስጥ ከገባ አቅጣጫ መቀየር አይችልም። ዓይንዎን ከፊት ጎማው ላይ አንስተው ራቅ አድርገው ይመልከቱ። ጭነት የያዘ መኪና ፊትዎ ካለ እሱን ለመቅደም አይቸኩሉ፣ ፍሬኑ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ቆመው ይራቅልዎት። ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ካለም ዳር ይዘው ያሳልፉት።

ታች ሙቀቱ ከደጀን በ8 ዲግሪ ያህል ይበልጣል፣ ስለዚህ በወፍራም ልብስ ወርደው ታች በላብ ይጠመቃሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሱ፣ ሁለት ሊትር ውሃ ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፣ አሮጌው ድልድይም አጠገቡ ነው። ጠባቂዎች አሉ፣ ከማለፍዎ በፊት ሰላም ይበሏቸው፣ ካሜራም ስልክም አያውጡ፣ ፎቶ አይፈቀድም።

ለልጆችዎ የምልከው ሃሳብ ደግሞ ይሄ ነው፣ አይከልክሏቸው፣ አብረዋቸው ይሂዱ። አንዱ ልጅ በመኪና ከኋላ ቀስ እያለ መብራቱን እያበለጨለጨ ይውረድ፣ ታች ሲደርሱ ሳይክሉ ጣሪያ ላይ ይጫንና አብረው ይውጡ። 20 ኪሎሜትር ዳገት በ8 ኪሎሜትር በሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ያውም በዚያ ሙቀት፣ ሐኪምዎ ልብዎን አይቶ ካልፈቀደ አይሞክሩት። ድልድዩን ማየት ነው ያሉት፣ ያዩታል።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሳይክል ሳይክል ይላል። አገራችን የሩጫ አገር ነው፣ ሩጫ አይሻለውም? ሳይክል የኛ ስፖርት ነው እንዴ? *(ከፍኖተ ሰላም)*

መልስ፦ ነው እንጅ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፣ ያኔ ከሄዱት ውስጥ ሳይክል ነጂዎችም ነበሩ፣ ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጥቷል። ፅጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከፍታ ላይ ያደገ ልጅ ሳንባ ለሩጫ እንደሚጠቅም ሁሉ ለሳይክልም ይጠቅማል። ገና 14 ዓመቱ ስለሆነ ግን ከባድ ጥርስ ይዞ እንዲገፋ አትፍቀድለት፣ ቀላል ጥርስ፣ ብዙ ዙር። ሳይክሉም በቁመቱ ልክ ይሁን፣ "ያድግበታል" ተብሎ ትልቅ አይገዛለት፣ ወገቡን ይጎዳዋል። ሩጫውንም አይተው።

ጥያቄ፦ በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳልቀምስ ነው የምቆየው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ መንዳት እወዳለሁ። ይጎዳኛል? *(ከቡሬ)*

መልስ፦ ቀስ ብለህ አንድ ሰዓት ብትነዳ ጤነኛ ሰው ከሆንክ ብዙም አይጎዳህም። ዳገትና ረጅም መንገድ ግን በጾም ቀን ጠዋት አታድርግ፣ ሰውነት ያጠራቀመው ጉልበት ጠንክረህ ስትነዳ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው የሚይዝህ፣ ከዚያ በኋላ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይንህ ይጨልማል፣ ቁልቁለት ላይ ይሄ ከመጣ አደጋ ነው። ውሃም ስለማትጠጣ ፀሐይ ሳይበረታ ተመለስ። ጠንካራውን ልምምድ ከ9 ሰዓት በኋላ አድርገው፣ መጀመሪያ በሶ በጥብጠህ ጠጣ፣ ጨውና ስኳር ጣል አድርግበት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ውጣ፣ ስትመለስ ሽሮህን በደንብ ብላ። በሶ ለመንገድም የሚሆን ነገር ነው፣ ደረቁን በላስቲክ ቋጥረህ ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ የትም ውሃ ስታገኝ ትበጠብጠዋለህ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብህ ግን ይሄን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ሐኪምህንም የንስሐ አባትህንም አማክር።